ቦዠ «ባህል» ነውን?

«ቡድሂዝም ፍልስፍና እንጂ ሃይማኖት አይደለም» ባዮች በዝተዋል። ማስረጃቸው ሁለት ነው፤ ቡድሃ ፈጣሪን አልሰበከም፣ ዓለም ዘላለማዊ ናት ወይስ አይደለችም ተብሎ ሲጠየቅም ዝም አለ። እንዲህ ከሆነ በስሪላንካ በየቤተ መቅደሱ አበባ ይዞ የሚንበረከከው ሕዝብ ምን እያደረገ ነው? የዚያች አገር የ1978 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥትስ የቀዳሚነትን ስፍራ የሰጠው ለፍልስፍና ትምህርት ነውን? የባዮቹ ፍላጎት ግልጽ ነው፤ ተመስጦውን ወስዶ መነኩሴውን መተው።

ይህ የሩቅ ምሥራቅ ክርክር ብቻ አይምሰለን። እዚህ መስቃን፣ ቡታጅራ ላይ ወንድሙን እሰማዋለሁ። ዛሬ በአካባቢያችን ብዙው ሰው ሙስሊም ወይም ክርስቲያን ነው። ታዲያ የሰባት ቤት ጉራጌ የጥንት እምነት፣ ዋቅ፣ ቦዠና ደሟሚት ሲነሱ የተማረው ወገናችን ፈጥኖ «ያ እኮ ባህል ነው» ይላል። ሰባኪው በበኩሉ «ባዕድ አምልኮ ነው» ይላል። ከሁለቱ ሰባኪው ይሻለኛል። ቢያወግዝም አምልኮነቱን አልካደምና። ወዳጅ ነኝ ባዩ ግን በምስጋና ስም እምነቱን ነጠቀው።

ቦዠ የመብረቅ አምላክ ነው፤ ሌባን በመብረቅ ይቀጣል ተብሎ ይታመናል። ማንም በማያይበት ሌሊት ከሰው የእንሰት ጓሮ እጁን የሚሰበስብ ሰው የፈራው ባህልን ነውን? ባህል የጣሰውን ጎረቤት ይወቅሰዋል፤ ለዚያ ደግሞ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ሰው ብቻውን ሲሆን የሚፈራው ግን ሌላ ነው። ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉራጌ ጥናቱ እነዚህን አማልክት ከነአገልጋዮቻቸውና ከነበዓላታቸው ጽፏቸዋል። አምላክ፣ አገልጋይና በዓል ያለው ነገር ሌላ ምን ስም አለው?

«መጽሐፍ የለውም» ይሉኝ ይሆናል። ሃይማኖት የሚለው ቃል ከሶርያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ፍቺው ማመን ነው፤ ማንበብ አይደለም። ፊደል ሳይቆጥሩ ቤተ ክርስቲያን የሳሙ፣ መስጊድ የሰገዱ እናቶቻችንን «ሃይማኖት የላችሁም» ያላቸው ማን ነው? «ከባህል ጋር ተደባልቋል» የሚለውም አያስኬድም። የጉራጌ መስቀል ያለ ክትፎ አይታሰብም፤ ስለ ክትፎው ብሎ ግን ቄሱን «በዓልህ ባህል ብቻ ነው» የሚል የለም።

ነገሩ የስም ጨዋታ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነጻነት ያስከብራል። የ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራም ባህላዊ እምነትን ከሃይማኖቶች ተርታ ቆጥሮታል። እኛ ግን «ባህል» ባልን ቁጥር ሽማግሌውን ጨፋሪ፣ የስለቱን ቦታ መድረክ እናደርገዋለን። የእምነት ስፍራ ተፈቅዶ፣ ጫማ ወልቆ ይገባል፤ ባህል ወደ ተባለው ግን ካሜራ ተይዞ ይገባል።

እኔ የቦዠ ተከታይ አይደለሁም። ቢሆንም የሚሳለው ሰው እያለ ለስለቱ ስም አውጪው እኔም ሆንኩ የባህል ባለሙያው መሆን የለብንም። እርሱ «እምነቴ ነው» ካለ፣ ብዕራችን «እምነቱ ነው» ብሎ ይጻፍ።