የናፍታ ሒሳብ፦ ኪሎውን ወደ ሊትር ሳንለውጥ ነጂውን አንክሰስ

ትራክተር ያላቸው ወይም ተከራይተው የሚያሠሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከባድ ከሚሏቸው ወጪዎች አንዱ ነዳጅ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለሆነም ማኅበራቱ ነዳጃቸውን አጥብቀው መቆጣጠራቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥጥሩ በትክክለኛ ሒሳብ ላይ ካልተመሠረተ ሌባውን ትቶ ታማኙን ሠራተኛ ይይዛል።

በአንድ ማኅበር ጽሕፈት ቤት የተመለከትሁት ክርክር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የማኅበሩ ትራክተር ነጂ በ5 ቀን ውስጥ 40 ሰዓት አርሶ 480 ሊትር ናፍታ ጨርሷል። የቁጥጥር ኮሚቴው የትራክተሩን መግለጫ መጽሐፍ አገላብጦ ሞተሩ በሰዓት 10 እንደሚፈጅ አነበበ። 10 በ40 ሲባዛ 400 ነው። «80 ሊትር የት ደረሰ?» ተባለ፤ ዋጋውም ከነጂው ደመወዝ እንዲቆረጥ ሐሳብ ቀረበ። ነጂው «የወሰድሁትን ሁሉ አርሼበታለሁ» ከማለት በቀር የሚያስረዳበት ሒሳብ አልነበረውም። መጽሐፉ እንደገና ሲታይ ግን የተጻፈው 10 ሊትር ሳይሆን 10 ኪሎግራም ሆኖ ተገኘ።

የስሕተቱ ምንጭ ግልጽ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ሊትርና ኪሎን እንደ አንድ ነገር መቁጠር ለምደናል። ናፍታ ግን ከውኃ ይቀላል። አንድ ሊትር ናፍታ የሚመዝነው 0.84 ኪሎግራም ገደማ ነው። ስለዚህ በኪሎ የተጻፈውን ወደ ሊትር ለመለወጥ ለ0.84 ማካፈል፣ በሊትር የተጻፈውን ወደ ኪሎ ለመለወጥ ደግሞ በ0.84 ማባዛት ያስፈልጋል። 400 ኪሎ ለ0.84 ሲካፈል 476 ሊትር ይሆናል። ነጂው ከጨረሰው ጋር ያለው ልዩነት 4 ሊትር ብቻ ነው። ማካፈልና ማባዛት ለሚምታታበት ሰው አንድ ማረጋገጫ አለ፤ ይኸውም የናፍታ የሊትሩ ቁጥር ምን ጊዜም ከኪሎው ቁጥር ይበልጣል። ካነሰ ሒሳቡ ተገልብጧል ማለት ነው።

«ታዲያ ፋብሪካዎች ለምን በሊትር አይጽፉልንም?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አለው። ናፍታ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ክብደቱ ግን አይለወጥም። በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 200 ሊትር የነበረ ናፍታ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ 3 ሊትር ያህል ይጨምራል። በዚህ ምክንያት የሞተር ፍተሻ የሚካሄደው በክብደት ነው፤ ውጤቱም ብዙውን ጊዜ በግራም በኪሎዋት ሰዓት ይጻፋል። ለምሳሌ በኪሎዋት ሰዓት 250 ግራም የሚፈጅ ሞተር 40 ኪሎዋት ጉልበት እየሰጠ ሲሠራ በሰዓት 10,000 ግራም፣ ማለትም 10 ኪሎ ይጨርሳል። ይህም በሊትር 11.9 ነው።

ይህ ዓይነቱ ስሕተት የገጠር ማኅበራት ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በሐምሌ ወር 1983 እ.ኤ.አ. አንድ የካናዳ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን በአየር ላይ እንዳለ ነዳጁ አለቀ። ነዳጁ የተሰላው የአንድ ሊትርን ክብደት በኪሎግራም በሚገልጸው ቁጥር መሆን ሲገባው በፓውንድ በሚገልጸው ስለነበር፣ አውሮፕላኑ የተነሣው ከሚያስፈልገው ግማሽ እንኳ ሳይይዝ ነው። አብራሪዎቹ ሞተሩ የጠፋውን አውሮፕላን ጊምሊ በተባለ ስፍራ በማሳረፋቸው የ69 ሰዎች ሕይወት ተረፈ። የተማረ ሰው መብዛቱ ብቻ ከስሕተት አያድንም፤ የሚያድነው ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መለኪያ ማንበብ ነው።

በበኩሌ ማኅበራትና የልማት ሠራተኞች የሚከተሉትን ቢፈጽሙ እላለሁ።

አንደኛ፦ በነዳጅ መዝገብ ላይ ያለ መለኪያ ስም ቁጥር አይጻፍ። «10» ብቻ ምንም ማለት አይደለም፤ «10 ሊትር በሰዓት» ወይም «10 ኪሎ በሰዓት» ይባል።

ሁለተኛ፦ የአንድ ሊትር ክብደት በማኅበሩ ይፈተን። ባዶ ጀሪካን ይመዘን፤ በትክክል ተለክቶ 20 ሊትር ናፍታ ይጨመርበትና እንደገና ይመዘን። የሁለቱ ልዩነት 16.8 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። ለዚህ ሥራ የኩንታል ሚዛን አይበጅም፤ ግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ የናፍታው ቁጥር ለቤንዚን አይዋል። አንድ ሊትር ቤንዚን የሚመዝነው 0.74 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ በቤንዚን የሚሠራ የውኃ ፓምፕ ያለው ማኅበር ሒሳቡን ለየብቻ ይያዝ።

አራተኛ፦ የመጽሐፉ ቁጥር የፍርድ ማስረጃ አይሁን። ቁጥሩ የተገኘው በታወቀ ጉልበት በተደረገ ፍተሻ ነው። ማሳ ላይ ግን የአፈሩ ክብደት፣ የማረሻው ጥልቀት፣ የመታጠፊያው ብዛትና የሞተሩ እርጅና ፍጆታውን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ከሁሉ የሚሻለው የማኅበሩ የራሱ መዝገብ ነው፤ ይኸውም በየቀኑ የተቀዳው ሊትር፣ የተሠራበት ሰዓትና የታረሰው ሄክታር ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ ያበዛል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሒሳቡ ግን አንድ ጊዜ ማካፈል ብቻ ነው። በአንጻሩ በሐሰት የተከሰሰ ነጂ ማኅበሩን ጥሎ ቢሄድ በእርሻ ወቅት ሌላ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ የሄደው እምነትም በቶሎ አይመለስም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ኮሚቴው ነጂውን ከመጥራቱ በፊት የልማት ሠራተኛው መዝገቡን ይዞ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ይህ ቁጥር ኪሎ ነው ወይስ ሊትር?