የእናቶቻችን ጉበት

እናት ሃምሳን አልፋ ሆዷ ሲገፋ «ዕድሜ ነው» እንላለን። ጎልማሳ ወንድ ቦርጭ ሲያወጣ ደግሞ «ተመችቶታል» ይባላል። ሁለቱም ያሳስቡኛል፤ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የመጀመሪያው ነው።

አንድ ገበታ ላይ የኖሩ ባልና ሚስት እንኳ ስብ የሚያከማቹት በተለያየ ቦታ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ቫግ ይህንን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1947 ነበር፤ የወንዱ ሆድ ላይ፣ የሴቷ ዳሌና ጭን ላይ ያርፋል። የዳሌ ስብ እዚያው ይቀመጣል፣ ጉዳቱም አነስተኛ ነው። አንጀትን ከብቦ የተጠራቀመው ግን የሚለቀው ቅባት በደም ሥር በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። ሴቷን በወጣትነቷ ከዚህ የሚከላከላት በዋናነት ኢስትሮጂን የተባለው ሆርሞን ነው። ስታርጥ ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ ስቡም ወደ ሆድ ይዞራል።

በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር ከዚህም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ፈቃደኞችን ኮሊን የሌለው ያህል የሆነ ምግብ መገቧቸው። ኮሊን ጉበት ስብን ጠቅልሎ ወደ ደም ለመላክ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ነው። ከወንዶቹ 77 በመቶ፣ ካረጡት ሴቶች 80 በመቶ ጉበታቸው ስብ ያዘ ወይም ጡንቻቸው ተጎዳ። ካላረጡት ሴቶች ግን ይህ የደረሰባቸው 44 በመቶ ብቻ ናቸው። ኢስትሮጂን ጉበት ራሱ ኮሊን እንዲሠራ ያግዛልና ነው። የሚገርመው፣ ለሴት በቀን 425፣ ለወንድ 550 ሚሊግራም ይበቃል የሚለው የአሜሪካ መመዘኛ የወጣው ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ያረጠችውን ካላረጠችው አይለይም። እኔ ይህን ትልቅ ክፍተት አድርጌ ነው የማየው።

አሁን ወደ ማዕድ ቤታችን እንምጣ። አንድ እንቁላል ወደ 150 ሚሊግራም ኮሊን አለው፣ እሱም በአስኳሉ ውስጥ ነው። በስንቱ ቤት ግን እንቁላል ሲቀቀል ለልጆች፣ ከዚያ ለአባወራ ይደርስና እናት የቀረውን ወጥ በእንጀራ ጠራርጋ ትነሳለች! ጾም ይጎዳል እያልኩ አይደለም፤ ሽምብራውም ባቄላውም ከእንቁላል ቢያንስም ኮሊን አላቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር የምንከፍተው ለስላሳ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስኳሩ ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ በአብዛኛው የሚፈጨው ጉበት ላይ ነው፣ ሲበዛም ወደ ስብ ይቀየራል።

ጤና ጣቢያ ስንሄድ ግፊትና ስኳር ይለካል። ለምን ሜትር ወጥቶ ወገብ አይለካም? ለምንስ «የወር አበባሽ የቆመው መቼ ነው?» ተብሎ አይጠየቅም? ስለ ማረጥ ማውራት ነውር የመሰለን ይመስለኛል። ልኬቱ ቀላል ነው፤ ልብስ ተገልጦ፣ ትንፋሽ ወጥቶ፣ በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል። ሴት ከ80፣ ወንድ ከ94 ሴንቲሜትር ካለፈ ሐኪም ስለ ጉበቱ ይጠየቅ። ስብ የያዘ ጉበት ብዙ ጊዜ አያምም፤ እናቴ «ደኅና ነኝ» አለች ብሎ መተው አይገባም።

በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ ይመለሳል። ከክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ የጉበትን ስብና ብግነት ያሻሽላል፤ 80 ኪሎ ለምትመዝን እናት ይህ ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ ገደማ ነው።