መደቡን ለማን ተማርነው?

ጓዶች! የኬሚካል ለውጥን በአራት መደብ ከፍለን ሸምድደናል፦ መዋሐድ፣ መፍረስ፣ መተካት፣ መለዋወጥ። ሆኖም እዚህ በጅዳና በመካ በሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶቻችን መታጠቢያ ቤት ሲያጸዱ በረኪናን ከአሲድ ጋር ቢደባልቁ፣ የሚሆነው ከአራቱ በአንዱም በቅጡ አይመደብም። ኤሌክትሮን ተሸጋግሮ ክሎሪን ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1915 በኢፕር ግንባር ወታደሮችን የፈጀው ጋዝ ማለት ነው። ከሳንባ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ አሲድ በመሆን ያቃጥላል። የዕቃው ማስጠንቀቂያ ግን ብዙዎቹ በማያነቡት በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ስለሆነም እኛ የሕክምና ተማሪዎች «አትደባልቁ፤ ሽታው ካፈናችሁ ፈጥናችሁ ወደ ንጹሕ አየር ውጡ» የሚለውን በአማርኛም በኦሮምኛም በየስልኩ ማዳረስ ግዴታችን ነው። ለፈተና ብቻ የተያዘ መደብ ነፍስ አያድንም!