ጠርናፊው ቢቀየር ገመዱ አይላላም

እዚህ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ በሥራ ቦታ እያንዳንዷን እርምጃችንን የሚቆጥር አለቃ ሲገጥመን "ማይክሮማኔጅመንት" እንለዋለን። እኔ ግን የራሳችን ቃል አለን ባይ ነኝ፤ ጥርነፋ! "ጠረነፈ" ማለት አንድ ላይ አጥብቆ አሰረ ማለት ነው። ቃሉን የአገዛዝ ቃል ያደረገው ኢሕአዴግ ነው፤ በ"አንድ ለአምስት" አደረጃጀቱ አንዱ ጠርናፊ፣ ሌላው ተጠርናፊ ሆነ። ገበሬው፣ ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ ተጠረነፈ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ግንባሩና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ጠቀለሉ።

እዚሁ ሻኮፒ፣ በአማዞን መጋዘን፣ የሠራተኛውን ፍጥነት የሚቆጥረው ኮምፒውተር ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሠራተኞች የሥራውን ጫናና የጸሎት ሰዓትን ጉዳይ አንስተው ለተቃውሞ ወጡ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒሶታ ሕግ ደግሞ የመጋዘን አሠሪዎች ኮታውን ለሠራተኛው በጽሑፍ እንዲያሳውቁ፣ ኮታው ከዕረፍት፣ ከጸሎትና ከመጸዳጃ እንዳያግድ ደነገገ። ገመዱን ያላላው በአደባባይ መጠየቅ መቻሉ ነው።

አገር ቤት ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሶ ብልጽግና ተተካ። የእኔ ጥያቄ ግን የጠርናፊው ስም አይደለም። ተጠርናፊው ሳይፈራ "ለምን?" ማለት ይችላል ወይ? ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል!