ኮላው እስኪደርቅ

ዛሬ ስለ ክትባትም ስለ ሳልም አልጽፍም፤ ስለ አንድ ጠረጴዛ ላጫውታችሁ።

ክረምቱን ከእኔ ጋር ጃናሞራ የሚያሳልፈው የልጅ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ፈተና ወድቆ ከአባቱ ጋር ተኳርፈዋል። «እምዬ፣ ቁም ሳጥን ልሥራልዎት» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ጣውላ ገዛሁለት። በሮቹ የሚገጠሙበትን የፊት ፍሬም በኮላ አጣብቆ ወለሉ ላይ አስተኛው። እኔ ግን ገና ሳይደርቅ «አንሣው፣ ቡና ላፈላ ነው» አልኩት። በማግስቱ ፍሬሙ ተጣሞ በሩ አልገጥም አለ። ልጁም «ድሮም ምንም አይሆንልኝ» ብሎ ወጣ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ ጄሶው ሳይደርቅ የልጃቸውን እጅ የሚያነቃንቁ ስንት እናቶችን ተቆጥቻለሁ! ኮላም እንደዚያው ነው።

ሞርሳ መግዛት አቅም ይጠይቃል። ደባርቅ ስሄድ አንድ አናጢ አማከርኩና ከልጁ ጋር በቤታችን ዕቃ ሠራነው። ያልተጣመመ አሮጌ በር በሁለት ዱካ ላይ አጋደምን። ዝርግ መሆኑን ከጥግ እስከ ጥግ ሲባጎ ወጥረን አየን። በሁለት ጎኑ ቀጥ ያለ እንጨት በማዕዘን መታን። በትይዩ ጎኖቹ ደግሞ ከፍሬሙ ትንሽ ራቅ አድርገን ጉማጅ እንጨት ቸነከርን። በመካከሉ ባህር ዛፍ ስንፈልጥ የምናውቀውን ሽብልቅ፣ ጥንድ ጥንድ አድርገን በተቃራኒ አቅጣጫ እናስገባለን። በመዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታ ፍሬሙን ይጨምቀዋል። ኮላው ከመጋጠሚያው ትንሽ ብቅ ሲል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከመቱት እንጨቱ ይጎብጣል። ከመጋጠሚያው ሥር ላስቲክ ማንጠፍ አይረሳ፤ አለዚያ ፍሬሙ ከጠረጴዛው ጋር ይጣበቃል።

ማዕዘኑን የምናረጋግጠው በሜትር ነው። የእኛ ፍሬም 90 በ120 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም በኩል 150 መምጣት አለበት። ልጁ ሲለካ አንዱ 150 ተኩል፣ ሌላው 149 ተኩል ሆነ። ረጅም የመጣበትን ጥግ ቀስ ብሎ መታ መታ አደረገው፤ እኩል ሆኑ።

በደጋው ብርድ ኮላ ስለሚዘገይ ሌሊቱን ሙሉ ተውነው። ቡናውንም ውጭ አፈላሁ።

አንድ የነርስ ምክር ልጨምር፦ ልጅ መጋዝ ሲይዝ ጫማ ያድርግ፣ ሲልግና ሲሞርድ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።

በማግስቱ በሩ ገጠመ። ልጁ ፎቶ አንሥቶ ለአባቱ ላከ። ማታ አባቱ ደወለ፤ ስለ በሩ ማጠፊያ ብቻ ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩ። የፈተናውን ነገር ማንም አላነሣም፤ እኔም ዝም አልኩ።

ቸር እንሰንብት!