ስለ ድረ ገጽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳና ስለሚሰወሩት አዝራሮች

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መንገድ የሚያደርሰው ወደ መካነ ሰላም ነው። በዚያ ደጋ ጤፍ፣ ስንዴና በግ ይዞ የሚነግድ ሰው ገዥው በደሴ ወይም በአዲስ አበባ ስለ ሆነ፥ ዋጋ የሚነጋገረው በአብዛኛው ሳይተያይ ነው። ስለዚህም በድርጅቱ ስም የተመዘገበ ድረ ገጽና ኢሜይል ያለው ነጋዴ ከሌለው ይልቅ ይታመናል። ነገር ግን ድረ ገጽ ያቆመ ሁሉ ውሎ አድሮ ከአንድ እንግዳ ነገር ጋር ይገናኛል፤ ይኸውም የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሚባለው ነው።

ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ድርጅት ለደንበኛው የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጠዋል። ደንበኛው በዚያ ገብቶ የሚያገኘው ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ ሲፓነል ወይም ፕሌስክ በሚባሉት ፕሮግራሞች የተሠራ ሲሆን፥ በላዩ ላይ የተደረደሩት አዝራሮች በብዙ ዐሥር የሚቈጠሩ ናቸው። ከነዚህም መካከል ባለ ሱቁን በዓመት ውስጥ የሚያገለግሉት ከአምስት ወይም ከስድስት የሚበልጡ አይመስሉም። የቀሩት ለባለሙያ የተሠሩ ናቸው።

ከዚህም የተነሣ «የማያስፈልጉን አዝራሮች ይሰወሩልን» የሚለው የነጋዴዎች ጥያቄ ተገቢ መሆኑ አያጠራጥርም። የሱቁ ጸሐፊ የለቀቀውን ሠራተኛ ስም አጠፋለሁ ብሎ የኢሜይል ሳጥኑን ቢሰርዝ፥ በውስጡ የተከማቸው የብዙ ዓመት ደብዳቤ አብሮ ይጠፋል። የዶሜኑን መዝገብ በሚያሳየው ገጽ ላይም አንድ መስመር ቢያበላሽ፥ ኢሜይሉ መምጣቱን ያቆማል፤ ገዥው ግን ነጋዴው መልስ የነፈገው መስሎት ወደ ሌላ ይሄዳል።

ሆኖም መሰወር ሁለት ዐይነት መሆኑን ነጋዴው ማወቅ ይገባዋል። አንደኛው እውነተኛ መዝጋት ነው። የሲፓነል አስተናጋጅ በበላይ ሰሌዳው ላይ ባለው ፊቸር ማናጀር በሚባለው ክፍል ለየደንበኛው የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን ሥራ ይዘረዝራል፤ የተከለከለው ሥራ አዝራሩም አይታይም፥ ሥራውም አይከፈትም። በፕሌስክም በኩል በአገልግሎቱ ዕቅድ ላይ ፈቃድ በመስጠትና በመንሣት ይኸው ይፈጸማል። ሁለተኛው ግን አዝራሩን በገጹ መልክ ብቻ መሸፈን ነው። ይህ የጓሮን በር ሳይቆልፉ በጆንያ እንደ መጋረድ ያለ ነው፤ የገጹን አድራሻ የሚያውቅ ሰው አዝራሩን ሳይፈልግ በቀጥታ ይገባል። ደኅና አስተናጋጅ የፊተኛውን ያደርጋል፤ ችኩሉ ግን በኋለኛው ይረካል፥ ለደንበኛውም «ተዘግቷል» ብሎ ይነግረዋል።

ከሁሉ ይልቅ ማሰብ የሚያሻው ግን ለባለቤቱ ጭምር መሰወር የሌለበትን አዝራር ነው። ከነዚህ ዋነኛው ፎርዋርደር የሚባለው፥ ወደ አንዱ ሳጥን የገባውን ኢሜይል ቅጂ ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፈው ነው። በብዙ አገር ነጋዴዎችን ያከሰረው ማታለል የሚሠራበት አንዱ መንገድ እነሆ፤ አታላዩ የይለፍ ቃሉን አንድ ጊዜ በእጁ ካስገባ ፎርዋርደር ያኖርና ዝም ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፕሮፎርማና ደረሰኝ ሁሉ ቅጂው ይደርሰዋል። ክፍያው ሲቃረብ የሻጩን አድራሻ በሚመስል አድራሻ «የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን ተለውጧል» ብሎ ለገዥው ይጽፋል። ነጋዴው ጠርጥሮ የይለፍ ቃሉን ቢለውጥ እንኳ ፎርዋርደሩ ካልተነሣ መተላለፉን አይተውም። እንግዲህ አስተናጋጁ ለደንበኛው አዝኖ ይህን አዝራር ሰውሮት ከሆነ፥ የሰወረው አዝራሩን ብቻ ሳይሆን ሌባውንም ጭምር ነው። ባለቤቱ ገብቶ የሚያይበት መስኮት የለውምና። ይህ አዝራር ከጸሐፊው ይራቅ እንጂ ከባለቤቱ ሊርቅ አይገባም፤ የሒሳብ ቁጥር ተለወጠ የሚል ደብዳቤ የደረሰው ገዥም ቀድሞ በሚያውቀው ስልክ ደውሎ ሳያረጋግጥ ብር ባይልክ ይበጀዋል።

ሁለተኛው መሰወር የሌለበት ባክአፕ የሚባለው የመጠባበቂያ ቅጂ ማውረጃ ነው። አንዳንድ አስተናጋጆች የማሽኑን ኀይል ይወስዳል በማለት ይዘጉታል፤ ምክንያታቸውም ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የመካነ ሰላም ነጋዴ አልረሳውም። አስተናጋጁ በሩቅ ከተማ፥ መስመሩም የማይታመን በሆነበት አገር፥ የደብዳቤውንና የዋጋ ዝርዝሩን ቅጂ በገዛ ኮምፒዩተሩ ያላኖረ ሰው ንብረቱን በሰው ጎተራ እንዳስቀመጠ ይቈጠራል። እርግጥ ነው፥ በሲፓነል ሙሉውን ቅጂ ደንበኛው ማውረድ ይችላል እንጂ መልሶ የሚተክለው አስተናጋጁ ነው።

ጸሐፊውን በሚመለከት ግን ነገሩ ከሚታሰበው ይቀላል። ደብዳቤ አንብቦ ለሚመልስ ሰው ከመጀመሪያው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ አያስፈልገውም። ዌብሜይል በሚባለው መግቢያ፥ በሳጥኑ የይለፍ ቃል ብቻ ገብቶ ሥራውን ይፈጽማል። የዋጋ ዝርዝሩን በድረ ገጹ ላይ ለሚለውጠው ደግሞ በቅርብ ዓመታት በወጣው ሲፓነል ባለቤቱ ራሱ ለየሠራተኛው የተወሰነ ሥራ ብቻ ከፍሎ መስጠት ይችላል። በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስላለ፥ ሰሌዳውን አንብቦ የሚያስረዳ ወጣት መፈለግ ሩቅ መንገድ የሚያስኬድ አይደለም። ዋናው የይለፍ ቃል ግን ለወጣቱም ለጸሐፊውም ሳይሰጥ በባለቤቱ እጅ ሊቀር ይገባል፤ በብዙ ሱቅ እንደሚታየው በወረቀት ተጽፎ ከሒሳብ መሣቢያው ላይ መለጠፉ ምንም ያህል ቢቀል መልካም አይደለም።

ውሉ በሚታደስበት ጊዜ ነጋዴው ከአስተናጋጁ የሚጠይቀው ዝርዝር አጭር ነው፤ የተከፈቱለት ሥራዎች የትኞቹ እንደ ሆኑ፣ የተዘጉት የትኞቹ እንደ ሆኑ፣ የተዘጋውንም ማስከፈት ቢፈልግ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጠው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት በሕግ ፊት ዋጋ ስለ ሰጠው ዝርዝሩ በኢሜይል ቢመጣ ይበቃል፤ ያ ኢሜይል በዚያው ሳጥን ውስጥ ብቻ እንዳይቀር ግን ታትሞ ከንግድ ፈቃዱ ጋር በፋይል ቢቀመጥ ይሻላል።