«የለም» ለምትሉን

በአንድ የመጻሕፍት ውይይት ላይ የተነገረች አንዲት ዐረፍተ ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆናለች። አንድ የተከበሩ ሐያሲ የአማርኛ ልብ ወለድ ዘውጎችን ሲዘረዝሩ ቆይተው፣ ከታዳሚው መካከል ስለ ሳይንስ ልብ ወለድ ጥያቄ ቢነሣ፣ «እሱ በእኛ ዘንድ የለም፤ ቢኖርም የልጆች ጨዋታ ነው፤ አንባቢም የለውም» አሉና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። ታዳሚው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያን ሳቄን ስጸጸትበት ኖሬአለሁና ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል።

አንባቢ ሆይ፤ እኔ ሐያሲ አይደለሁም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ በባንክ ቤት ገንዘብ ስቆጥር ውዬ ማታ ማታ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝ። በእኛ ሙያ «የለም» የሚለው ቃል በዋዛ አይነገርም። የቀኑ ሒሳብ አምስት ብር ቢጎድል «የለም» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ደረሰኝ በደረሰኝ ይፈተሻል፤ የተቆጠረው እንደገና ይቆጠራል። «የለም» የሚባለው ከፍተሻ በኋላ ነው። እኒያ ሐያሲ የትኛውን መዝገብ ፈትሸው ነው «የለም» ያሉት?

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር የፈንታሌ አካባቢ ምድር ሲናጥ መሰንበቱን ታስታውሳላችሁ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀያቸውን ጥለው ወጡ። በእነሱ መከራ ፊት የእኔ ጉዳት የሚነገር አይደለም፤ አንድ ሌሊት የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ከነጭነቱ ወለሉ ላይ ተዘረጋ፣ ይኸው ነው። መጻሕፍቱን መልሼ ከመደርደሬ በፊት ግን ለዓመታት ስሰንፍበት የኖርኩትን ሥራ ጀመርኩ። ባለ መስመር የሒሳብ መዝገብ ገዝቼ የሳይንስ ልብ ወለዶቼን አንድ በአንድ መዘገብኩ። ስድስት ዓምድ አሰመርኩ፦ ተራ ቁጥር፣ ርእስ፣ ደራሲ፣ የታተመበት ዘመን፣ የተገኘበት ስፍራ፣ የተዋሰው ሰው።

ቁጥሩ 163 ሆነ። ዌልስና ቨርን፣ አሲሞቭና ክላርክ፣ ኦክታቪያ በትለር፣ ሞስኮ ታትሞ በእንግሊዝኛ የመጣ የቤልያየቭ መጽሐፍ፤ አብዛኛው ከአራት ኪሎ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የተለቀመ ነው። ለአማርኛዎቹ አንድ ገጽ ብቻ መደብኩ፤ ከአሥር አይበልጡም። መዝገቡን ስጨርስ ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። ስድስተኛው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነበር። ከ163 መጻሕፍት አንዱን እንኳ ለማንም አውሼ አላውቅም። «አንባቢ የለውም» የሚለውን ፍርድ እኔም ሳላውቀው አምኜ ኖሬአለሁ።

እስቲ ክሱን በተራ እንየው። በመጀመሪያ፣ «በእኛ ዘንድ የለም» ለተባለው። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን ሲያሳትም፣ ገና በማኅፀን ያለ ጽንስ ከእናቱ ጋር ተከራክሮ «ወደዚህ ዓለም አልመጣም» ይላል። መጽሐፉም ታገደ። እርግጥ ነው፣ ሮኬት የለበትም። ነገር ግን የሌለን ሁኔታ ፈጥሮ ያለውን ሥርዐት በእሱ መመዘን የዚህ ዘውግ ዋና ሥራ አይደለምን? ከዚያ በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማትና የጠፈር ምርምርን በአንድ ታሪክ አገናኝቶ መጣ፤ ደጋግሞ ታተመ፤ «ራማቶሓራ»ም ተከተለው። አንባቢ ከሌለ ያን ሁሉ ቅጂ ማን ገዛው? «እሱ እኮ የስለላ ልብ ወለድ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። ዌልስም መጻሕፍቱን ሲጽፍ የዛሬው የዘውግ ስም ገና አልተለመደም ነበር። ስም የሚወጣው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው።

በእኛ ወገን ያሉም አንዳንዶች መጽሐፈ ሄኖክን ይጠቅሳሉ፤ ሙሉ ቅጂው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ መቆየቱን፣ ሄኖክም ሰማያትን መጎብኘቱን እያነሡ «ቀድመናል» ይላሉ። ይህን ክርክር አልቀበለውም። ሄኖክ ለሚያምኑበት ልብ ወለድ አይደለም፤ የጥንቱን ክብር መቁጠርም የዛሬውን ባዶ ገጽ አይሞላም።

የቤተ መጻሕፍት ሥርዐትም ብዙ አይረዳን። በዲዊ አመዳደብ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 በሚለው ቁጥር ሥር ይሰፍራል፤ የፍቅሩም፣ የጦርነቱም፣ የጠፈሩም ልብ ወለድ በአንድ ጥላ ሥር ይቀመጣል። በአመዳደቡ አልፈርድም፤ የተሠራው ቋንቋንና ቅርጽን ለመለየት ነው። ዘውጉን መለየት የሐያሲ ድርሻ ነበር። ሐያሲው ሳይዘረዝር «የለም» ሲል፣ በአንድ ከተማ ጥግ ይህንኑ የሚያነብ ወጣት ብቻውን የቀረ ይመስለዋል፤ ለመጻፍ ያሰበውም ብዕሩን ያስቀምጣል። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ክስ፣ ከልጆች ጨዋታነት የባሰው፣ «ድርቅና ረኀብ ባለበት አገር ስለ ጠፈር ማለም ቅንጦት ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች አፋርን አያውቁም። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ፣ ሐዳር ላይ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ በኩል ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቃ በቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተላቀቀች። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ደረሰ። የሥነ ምድር ሊቃውንት ስምጡ ሲሰፋ ኖሮ አንድ ቀን ባሕር ይገባበታል ይላሉ። አልጋው እየተወዛወዘ ከእንቅልፉ የሚነቃ ሰው «ከሚሊዮን ዓመት በኋላስ?» ብሎ ቢጠይቅ ምኑ ነው ቅንጦቱ?

እኛ «የእኛ አይደለም» ስንል ሌላው በምድራችን ሲያልም ኖሯል። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 «ራስላስ»ን ሲጽፍ፣ ክንፍ ሠርቶ ሊበር ሞክሮ ሐይቅ ውስጥ የሚወድቅ ባለሙያ ያስገባው በሐበሻ ምድር ነው፤ መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ «ክራምብስ» የተባለውን ፊልም ዳሎልን ጨምሮ በአገራችን ሠራ፤ ዋናው ተዋናይ ዳንኤል ታደሰ፣ ንግግሩም አማርኛ ነው። ከዓለም ፍጻሜ በኋላ የሚሆነውን ለማሳየት ሰው ከስፔን ድረስ የአፋርን ጨው ፈልጎ ሲመጣ፣ እኛ ደጃችን ላይ ቆመን «የለም» እንላለን።

ሦስተኛው ክስ፣ «አንባቢ የለውም» የሚለው ነው። ለዚህኛው በክርክር አልመልስም፤ የሆነውን ልናገር። መዝገቤን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቼ መጽሐፍ ወዳዶች በሚሰባሰቡበት አንድ የቴሌግራም ቡድን ላይ ለጠፍኩት። ለሁለት ሳምንት ዝም አለ። ከዚያ ከሰመራ አንድ መምህር፣ «ተራ ቁጥር 88ን ቢያውሱኝ በአደራ እመልሳለሁ» ሲል ጻፈልኝ። መጽሐፉን ወደ ጅቡቲ ለሚሄድ የማውቀው የከባድ መኪና ሾፌር ሰጠሁት፤ በገዋኔ፣ በሚሌ አድርጎ ሎጊያ ላይ አስረከበልኝ። በወሩ መጽሐፉ በሌላ ሾፌር እጅ ተመለሰ፤ በውስጡም ሦስት ገጽ አስተያየትና ከሰመራ የሦስት ሌሎች አንባቢያን ስም ነበር። «እርስዎ» መባባላችን ቀርቶ «አንተ» ሆነ። ስድስተኛው ዓምድ ዛሬ 41 ስሞች አሉበት፤ ሁለት መጻሕፍት ጠፍተዋል፤ አላዘንኩም ብል ውሸት ነው።

ይህ ወዳጄ አፋር ነው። ስለ ዳጉ ያጫወተኝ እሱ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ያዩትን ካዩት፣ የሰሙትን ከሰሙት ለይተው ይናገራሉ፤ የሐሰት ወሬ ማቀበል ነውር ነው። «እናንተ የመጽሐፍ ዳጉ የላችሁም» አለኝ። «ሰውየው መድረክ ላይ ‹የለም› ሲል፣ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።»

ቀጥሎ ግን ወደ እኔ ዞረ። «መዝገብህ ሁለት ክፍል አለው፤ አማርኛና እንግሊዝኛ። የእኔ ቋንቋ የት ነው?»

«በአፋርኛ እንኳ ያለ አይመስለኝም» አልኩት።

«ፈልገሃል?»

አልፈለግሁም። በአፋር ምድር ተቀምጬ፣ በአፋር ገበያ እየሸመትኩ፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ወዳጄ አልተቆጣም፤ እንዲህ ብቻ አለኝ፦ «ሳይንቲስቶቹ ከምድራችን ላወጡት አጥንት ስም ሲያጡ ቋንቋችንን ጠየቁ፤ ራሚዱስ ያሉት ‹ሥር› ከሚለው ቃላችን ነው፤ ኢዳልቱ ያሉት ‹ሽማግሌ› ከሚለው። አንተ ግን ጎረቤቴ ሆነህ አልጠየቅኸኝም።»

ያ ሐያሲ ያደረሰብኝን እኔም በወዳጄ ላይ አድርሼዋለሁ። በዚያው ሳምንት መዝገቡን እንደገና አሰመርኩና «ቋንቋ» የሚል ሰባተኛ ዓምድ ጨመርኩ። የአፋርኛው ገጽ ርእሱ ተጽፎ ክፍት ነው፤ የሰመራዎቹ አንባቢያን በቃል የሚነገሩትንም ጭምር እየጠየቁ ነው። ምን እንደሚገኝ አላውቅም፤ «የለም» ግን አልጽፍበትም።

እንግዲህ ሐያሲዎቻችን ሆይ፤ ወደዳችሁም ጠላችሁም ይህን ዘውግ አንብቡና ፍረዱበት፤ ደካማ ነው ብትሉ እከራከራችኋለሁ፣ ምናልባትም በብዙው እስማማለሁ። ሳታነቡ ግን አትሰርዙት። እናንተም በየከተማው ብቻችሁን የምታነቡ ወዳጆቼ፣ አንድ ደብተር ግዙና ያላችሁን ጻፉ። ዓምዶቹን እንደ ፍላጎታችሁ አስምሩ፤ «የተዋሰው ሰው» የሚለውን ግን አትርሱት፤ ባዶም አታሳድሩት።

ቸር እንሰንብት።